መድኃኒት የጠጣ አይተኛም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ናቲ ከደረጃ ላይ ወድቆ አገጩ ተሰነጠቀ። እናቱ የእኔ ልጅ ናት፤ ሁለታችን በባጃጅ ይዘነው ባሕር ዳር ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ከልጄ በዕድሜ የምታንስ፣ ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ወጣት ናት። ቁስሉን አየት አድርጋ፣ «ይሰፋል። በዚህ ዕድሜው ግን ቁጭ ብሎ አይሰፋልንም፤ ትንሽ የሚያስተኛ መድኃኒት እንሰጠዋለን» አለች። ልጄ እሺ አለች። እኔ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ውጭ አረፍ ይበሉ» አለችኝ ሐኪሟ።

«አልወጣም» አልኳት።

ልጄ አፍራ አንገቷን ደፋች። «ጡረታ የወጣች ነርስ ናት እኮ፤ ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ» እያለች ይቅርታ ልትጠይቅልኝ ጀመረች። ሐኪሟ ግን ሳቀችና ወንበር ሳበችልኝ። ናቲ መድኃኒቱን ጠጣ። ቆየት ብሎ ዐይኖቹ ከበዱ፣ ተከደኑ። ጣቱ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር ሰክተውለት ስለነበር ማሽኑ ጢጥ ጢጥ እያለ የልቡን ምት ይከታተላል። ሁሉም ማሽኑን ያያሉ፤ እኔ ደረቱን አያለሁ። በእኛ ጊዜ ማሽኑ እኛው ነበርን።

ልጄ የነካኝን ነገር ብትጠይቀኝ አልነግራትም ነበር። ሳወራው እጄ ስለሚቀዘቅዝ እስከዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። መጻፉ ሳይሻል አይቀርም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከጤና ረዳትነት ትምህርት እንደወጣሁ የተመደብኩት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬ የለችም። እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤታችን ከአውራ ጎዳናው ፊት ለፊት ስለነበር ያደግሁት አውቶቡስ ሲያልፍ እያየሁ ነው እንጂ በሬ ሲጠመድ እያየሁ አይደለም። ገጠር ማለት ለእኔ ለገበያ መጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ነበር። የምድብ ቦታዬን ስሰማ እናቴ፣ «አይዞሽ፣ ቅርብ እኮ ነው» አለችኝ፤ ቅርብነቱ አልነበረም ያስፈራኝ። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። መርፌ መውጋት በብርቱካን ላይ ስንለማመድ እንኳ ከብርቱካኑ ይልቅ የተወጋው የእኔ ጣት ነው።

የሆስፒታሏ ብቸኛ ሐኪም ዶክተር ሰሎሞን ይባል ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሲጨንቀው የሚያፏጭ ሰው ነው። ምሳችንን የምንበላው ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ሲሆን፣ የቡሬ በርበሬ የገባበት ሽሮ ሲቀርብለት ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ «ይህ ምግብ ነው ቅጣት?» ይላል። ሳህኑን ግን ጠርጎ ነው የሚነሳው። ለሰው የሚራራ፣ ልጅ ሲያለቅስ ማየት የማይችል ሐኪም ነበር። ይህ ጠባዩ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

ወደ እኛ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የሚመጡበት ጉዳይ ቀላል ነው፤ እሾህ የተቀረቀረበት እግር፣ መግል የቋጠረ ክንድ፣ እህል የገባበት ጆሮ። ሥራው ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም። ነገር ግን ልጁን አራት ሰው ተጭኖ ካልያዘው አይሠራም። ልጁ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ዶክተሩ ያፏጫል። በዚህ ምክንያት ልጆቹን ለአጭር ጊዜ አስተኝተን ለመሥራት ወሰነ። በእጃችን ሁለት መድኃኒት ነበረን። አንደኛው ክሎራል የሚባል ሽሮፕ ነው፤ ይመራል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ የሚያስተኛውም ቀስ ብሎ ነው። ሁለተኛው ዳያዜፓም የሚባል መርፌ ነው። ቶሎ ይሠራል፤ ግን መርፌ መርፌ ነውና፣ ያየው ልጅ ሁሉ የጣራውን ቆርቆሮ እስኪያነሳ ይጮኻል።

«የትኛው እንደሚሻል በዐይናችን አይተን እንወስን» አለኝ ዶክተሩ አንድ ቀን። «ሰኞ የመጡትን ሽሮፕ፣ ሐሙስ የመጡትን መርፌ እንስጣቸው። ሽሮፑ ያልያዘው ልጅ ካለ መርፌውን እንጨምርለታለን። አንቺ ሙሉ፣ ሥራሽ አንድ ነው፤ ልጁ ከተኛ በኋላ ዐይንሽን ከደረቱ ላይ አታንሺ። ሲወጣ ሲወርድ እይ።»

ሌላም የተስማማንበት ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይታፈሱ ከተማ መግባት ይፈሩ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የተኛን ልጅ ደሙን ቀድተው ለጦር ሜዳ ይልኩታል የሚል ወሬም ከማንኩሳ እስከ ፈረስ ቤት ይናፈሳል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ወሬ ደግሞ እግር አለው። ስለዚህ በእናቶች ፊት «እንቅልፍ» የምትለዋን ቃል እንዳናነሳ ተማከርን። «የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው» ብቻ እንላለን። ሲታይ ብልሃት ይመስል ነበር።

ሳምንታት አለፉ፤ ዶክተሩን አንድ ነገር ግራ ገባው። ሰኞ ሰኞ የአስተማሪውና የባንክ ጸሐፊው ልጆች ሽሮፑን ጠጥተው እናታቸው ጭን ላይ ድፍት ይላሉ። የገበሬ ልጆች ግን ያንኑ ሽሮፕ፣ በዚያው መጠን ጠጥተው ዐይናቸው እንደፈጠጠ ይገባሉ። ክፍላችን አንዲት አልጋ ብቻ ስለነበራት ሽሮፕ የጠጡ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በረንዳ ላይ ነበር የሚጠብቁት። እኔ መሣሪያ ስቀቅል እሱ በሽተኛ ሲያይ በረንዳው ላይ ምን እንደሚደረግ የተመለከተ አልነበረም። ሐሙስ መርፌ የተወጉት ደግሞ ገበሬው ከከተሜው ሳይለይ እኩል ይተኛሉ። ዶክተሩ አንዴ ሽሮፑ ተበላሽቷል፣ አንዴ ንብረት ክፍሉ ውኃ ጨምሮበታል፣ ሲያሻው ደግሞ የገጠር ልጅ አእምሮው ጠንካራ ነው ይላል። መርፌው ይሻላል ወደሚለው ሐሳብ እያዘነበለ ነበር። ሽሮፕ ላልያዛቸው ጥቂት ልጆች መርፌ ጨምረንላቸው ምንም አልሆኑም። እግዚአብሔር ከልሎልን ነበር ማለት ነው፤ ያኔ አላወቅነውም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዎች መጡ። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ነው። አንድ ሽማግሌ ቄስ ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ታቅፈዋል። አንዲት ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ልጓሙን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። ከቡሬ አካባቢ የመጡ የአዊ ሰዎች ነበሩ፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይነጋገራሉ። ሴትዮዋ አንጓች ትባላለች። ቄስ ደሴ አባቷ ናቸው። ልጅቷ ይታይሽ ነው ስሟ፤ ለአምስት ዓመት ጥቂት የቀራት ትመስላለች። ባሏ የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በዚያን ጊዜ «ባልሽ የት ነው?» አይባልም።

ጉዳዩ አንዲት ሽምብራ ነበረች። አያትዬው ለዘር የሚሆን ሽምብራ ሲለቅሙ ልጅቱ ከአጠገባቸው ተቀምጣ አንዷን ፍሬ ጆሮዋ ውስጥ ከተተቻት። ጎረቤት፣ «ለብ ያለ ውኃ ጠብ አድርጊበት፣ ትወጣለች» ብሎ መከረ። ሽምብራ ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ንፍሮ የቀቀለ ሁሉ ያውቃል። አብጣ ተወተፈች። ልጅቱ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ጆሮዋን ጨብጣ አንገቷን አዘንብላ ነው የምትሄደው።

ሽሮፑን በትንሽ ኩባያ ለክቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«ምንድን ነው የሚሰጧት እሜቴ?» አለችኝ አንጓች።

«የሚያረጋጋት መድኃኒት ነው።»

«የሚጠጣ ነው?»

«አዎ፣ የሚጠጣ ነው።»

አባቷን ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «በይ አጠጭያት። እግዜር ያግዘናል፤ እኛም እናግዛታለን» አሉ። ልጅቱ አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች፤ እናቷ አፍንጫዋን ይዛ የቀረውን አስጨረሰቻት። ጎበዝ ብዬ ጉንጯን ነካሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መሣሪያ እየቀቀልኩ በመስኮቱ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ቄሱ ልጅቷን በአማርኛ እንቆቅልሽ ይጠይቋታል። «እንቆቅልሽ!» ሲሉ፣ «ምን አውቅልህ!» ትላለች። ሲያቅታት፣ «አገር ስጭኝ» ይሏታል፤ ቡሬን ትሰጣቸዋለች። እሳቸውም ቡሬ ገብተው ምን እንደበሉ ምን እንደጠጡ ይዘረዝሩላታል። በመሐል እናትዬዋ ወደ ቦኖው ወስዳ ፊቷን አጠበቻት። ደግሞ ግቢውን ይዛት ዞረች። የልጅቱ ድምፅ እየከበደ፣ «ምን አውቅልህ» ማለቱ እየተጎተተ መጣ፤ አያትዬው ደግሞ እየጮኹ ይጠይቃሉ። ልጁን እንዲህ የሚያጫውት አያት ያለው ታድሎ ብዬ በልቤ ፈገግ አልኩ።

ተራቸው ሲደርስ ይታይሽ በእግሯ ገባች። ዐይኗ ቀልቷል፣ ግን አልተኛችም። ዶክተሩ ጆሮዋን ገና ሲነካው ጮኸች፣ እጁንም ነከሰችው።

«ይኸው ደግሞ!» አለ እጁን እያራገፈ። «አልያዛትም። መርፌውን ጨምሪላት ሙሉ።»

ቤተሰብ በሥራ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አይቆይም ነበርና አንጓችና አባቷ ወደ በረንዳው ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። ዶክተሩ ያዘዘውን መጠን ቀድቼ ወጋኋት። ልጅቱ «እምም» አለችና ለቀቅ አለች። እንዲህ ያለ አስተኛኘት አይቼ አላውቅም፤ እንደተፈታ ጥቅል ነበር የተዘረጋችው። ዶክተሩ በቀጭኑ መንጠቆ ሽምብራዋን ጎትቶ አወጣት። ጣቶቹ መሐል ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጋትና፣ «ለዚህች ብለው ነው ያን ሁሉ ጭቃ የመጡት!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ደረቷን አየሁ።

አይወጣም፤ አይወርድም።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። እጄን ደረቷ ላይ አሳረፍኩ። ከሥሩ የልብ ምት አለ፤ ትንፋሽ ግን የለም። «ዶክተር» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ እንቢ አለኝ። እሱ የልጅቱን ከንፈር ነው ያየው። እንደ ዶቅማ ፍሬ ጠቁሮ ነበር።

አገጯን ወደ ላይ ሳበ፣ ምላሷን አቃና። የእጅ መተንፈሻውን ፊኛ ሰጠሁት፤ ጭንብሉ የትልቅ ሰው ስለነበር ከፊቷ ላይ አልገጥም ብሎ አየሩ በጎን ያመልጣል። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶውን ጥግ ላይ ቆሟል፤ የሚያስሞላው መኪና ቤንዚን አላገኘም ተብሎ ሲጠበቅ የከረመ ነው። ዶክተሩ ጭንብሉን ወርውሮ አፉን በልጅቱ አፍና አፍንጫ ላይ ገጠመና እፍ አለ። ደረቷ ከፍ አለ። ሲተው ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ደግሞ እፍ አለ። ያ ሲጨንቀው የሚያፏጭ ሰው ጭጭ ብሎ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ የእሱ ዝምታ ነው። ልጅቷ ሞታለች ብዬ አሰብኩ። እናትዬዋ በር ላይ ናት፣ እኔ ምን ብዬ እከፍታለሁ ብዬም አሰብኩ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታሰባል።

«ድምፅ እንቢ አለኝ» ብያለሁ፤ ኋላ እንደነገሩኝ ግን ጮኼያለሁ። አንጓች በሩን በትከሻዋ በርግዳ ገባች። አልጋው ላይ የተዘረጋችውን ልጇን አየች።

«አስተኛችኋት? እንዳትተኛብኝ ስታገል ቆይቼ፣ እናንተ አስተኛችኋት?»

«አስወጪያት!» አለኝ ዶክተሩ ቀና ብሎ።

እንዴት አድርጌ ላስወጣት! በክንዷ ገፈተረችኝ። የልጅቱን የጆሮ ጫፍ በጥፍሯ ቆንጥጣ፣ በስሟ ጠርታ፣ በአዊኛ አንድ ነገር ጮኸችባት። ይታይሽ ግንባሯን ቋጠረችና አየር ሳበች። አንዴ። ማንም እፍ ሳይልላት፣ በራሷ።

ዶክተሩ ባለበት ደረቀ። «ተያት! ተያት፣ አታስወጪያት!» አለኝ፤ ከዚያም ወደ እናትዬዋ ዞሮ፣ «ጥሪያት እናቴ! አታቋርጪ! ቆንጥጪያት!»

ቄስ ደሴ መስቀላቸውን ይዘው የበሩ ደፍ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ጌታየ» አሉት ዶክተሩን፣ «መድኃኒት የጠጣ ሰው ይተኛል እንዴ? ኮሶ ጠጥቶ የተኛ ሰው መድኃኒቱ ወደ ልቡ ወጥቶ ያስቀረዋል። እስኪሽር ድረስ ሰው እያጫወተ፣ እያዞረ፣ ውኃ እየረጨ ያቆየዋል እንጂ! እኛም እንደ ወጉ አደረግን። ምን አጠፋን?»

የሚገርመው፣ በዚያ ድንጋጤ መሐል ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እነዚያ ሰኞ ሰኞ ዐይናቸው ፈጦ የሚገቡት ልጆች ሽሮፑ አልያዛቸውም አልነበረም። ይዟቸዋል። እናቶቻቸው ናቸው ለእንቅልፉ ያልለቀቋቸው። መርፌ ስለማይጠጣ የሐሙሶቹን ልጆች እንዲተኙ ይተዉአቸዋል፤ ሽሮፕ የጠጣውን ግን እንደ ኮሶ ጠጪ ቆመው ይጠብቁታል። ይታይሽም ሽሮፑን ሙሉውን ጠጥታ በእናቷ ክንድና በአያቷ እንቆቅልሽ ብቻ ነበር ነቅታ የቆየችው። እነሱ ከበር ውጭ ሲሆኑ ሽሮፑና መርፌው አንድ ላይ ወደቁባት። እንዲተኙ እንደምንፈልግ ነግረናቸው ቢሆን ኖሮ መርፌውም ባላስፈለገ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፤ ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም። እናቷ ስትጠራት ትተነፍሳለች፤ ድምፁ ሲቋረጥ ትንፋሹም ይቋረጣል። ያን ጊዜ ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ እፍ ይልላታል። እኔ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ፣ «አለ... አለ... ቆመ!» እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። «ቆመ» ባልኩ ቁጥር የሁለቱ ዐይን ወደ እኔ ይወረወራል፣ ያቆምኩት እኔ የሆንኩ ያህል። አንጓች በአዊኛ የምትላትን አንድም ቃል አልሰማሁትም፤ ቁጣ ይሁን ልመና ለይቼ አላውቅም። ድምጿ ሻከረ፣ ኋላም ጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ልጅቱም መተንፈስ ተወች።

ቄሱ መስቀሉን ከልጅቷ ራስጌ አስቀምጠው የእግሯን መዳፍ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እያሹም፣ «እንቆቅልሽ!» ብለው ጮኹ። ቤተ ክርስቲያን የለመደ ድምፅ ነው፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «እንቆቅልሽ ይታይሽ! ምን አውቅልህ በይ! በይ እንጂ ልጀ!» አየር ሳበች። ደግሞ ጠሯት። ሲደክማቸው እኔ ጠራኋት፣ ዶክተሩም ጠራት፤ ያ የአዲስ አበባ ልጅ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «እንቆቅልሽ!» ሲል ይታየኛል። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። እንቆቅልሹንም እኮ ማንም አልጠየቃት፤ «እንቆቅልሽ» ብቻ ነበር የምንለው።

ቀስ በቀስ በጥሪና በጥሪ መሐል ያለው ትንፋሽ በዛ። ጥቁረቱ ከከንፈሯ ለቀቀ። ዶክተሩ ጥቂት ዝም እንድንል በእጁ ምልክት ሰጠን። ዝም አልን። ያቺ ዝምታ! ደረቷ ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ቀስ ብሎም ማፏጨት ጀመረ።

ይታይሽ ዐይኗን የገለጠችው ፀሐይ ከመስኮቱ ካለፈች በኋላ ነው። አላለቀሰችም። እናቷን እያየች በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተመች። አንጓች በዚያ በሻከረ ድምጿ ልትስቅ ጀምራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን አለች አባ?» አልኳቸው ቄሱን።

«ፈረሱ በላ ወይ ትላለች» አሉኝ።

እስኪመሽ ድረስ ከልጅቷ አልተለየንም። የሻይ ቤቷ ባለቤት የተጠበሰ እሸት በቆሎ ላከችልን፤ ማንም አልነካውም፣ ከይታይሽ በስተቀር። በማግስቱ ሊሄዱ ሲሉ ዶክተሩ ቄስ ደሴ እግር ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው አቀኑትና፣ «እግዜር ያለው ነው የኔ ጌታ፤ አንተም ትንፋሽህን ሰጥተሃታል» አሉት። አንጓች ግን እንደ አባቷ አልነበረችም። ልጓሙን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ያ «እርስዎ» እና «እሜቴ» ቀርቶ ነበር።

«ስሚኝ እህቴ» አለችኝ። «እንድትተኛ ከሆነ የፈለጋችሁ፣ ለምን አልነገራችሁኝም? ከተወለደች ጀምሮ የማስተኛት ማን ሆነና?»

ልጓሙን ስባ ሄደች።

በሚቀጥለው ሰኞ ዶክተሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ለተሰበሰቡት ሁሉ ነገራቸው። «ይህ መድኃኒት ልጁን ያስተኛል። ከጠጣ በኋላ አታንቁት፣ እቅፍ አድርጋችሁ አስተኙት። ስንሠራም እናት ከልጇ አትለይም፤ ደም የሚወስድ ሰው እንደሌለ በዐይኗ ታያለች» አለ። ያስተኛል የሚለውን ቃል ስትሰማ አንዲት ሴት ክንዱ ያበጠ ልጇን አንስታ በጀርባዋ አዘለች። እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ተከትዬ ለመንኳት። «ተይኝ» ብላኝ ሄደች። ያ ልጅ ምን እንደደረሰበት አልሰማሁም፤ አሁንም ይቆጨኛል፣ ያስፈራኛልም። የቀሩት እናቶች ግን ልጆቻቸውን እሹሩሩ እያሉ አስተኙ። ሽሮፑ የገበሬውንም የባንክ ጸሐፊውንም ልጅ እኩል ይዞ ተገኘ። ዶክተሩ በዚያው ሽሮፑን መረጠ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰጥ እዚያ እስከቆየሁ ድረስ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ በሙያው ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መውለድም መሞትም አይቻለሁ፤ መርፌ ስይዝ እጄ መንቀጥቀጡን ትቷል። የተኛ ልጅ ሲያጋጥመኝ ግን ያው የሃያ ሁለት ዓመቷ ሙሉ ነኝ። ልጆቼን ሳሳድግ ተኙልኝ ብዬ አርፌ አላውቅም፤ ባለቤቴ፣ «አንቺ ልጅ ሲነቃም ሲተኛም ትጨነቂያለሽ፤ መቼ ነው የምታርፊው?» ይለኝ ነበር። ፍርሃት በዕድሜ ይለቃል የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይገጥመኛል። እኔን አለቀቀኝም። እንዲለቀኝም አልጸልይም፤ ሳላይ ከምቀር ፈርቼ ባይ ይሻለኛል።

ባሕር ዳር፣ ሐኪሟ የናቲን አገጭ ሰፍታ ጨረሰች። ልጁ ነቃ፣ ውኃ ጠጣ፣ የከረሜላ ቃል ኪዳን አስገባን። ሁሉ ነገር ደህና ነበር። በባጃጅ ስንመለስ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ እንደገና እንቅልፍ ወሰደው። እንደማንኛውም የደከመው ልጅ ነው የተኛው፤ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ከሰውነቱ እንደወጣ ሐኪሟ በደንብ አስረድታናለች፤ እሱንም አውቃለሁ። የባጃጁ ንዝረት ደረቱን አላሳይ አለኝ። እጄን ከአፍንጫው ሥር አደረግሁ፤ ነፋሱ ይሁን ትንፋሹ አልለይ አለኝ። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? ተኝቶ እኮ ነው!» አለች ልጄ።

«ናቲ! ናቲዬ!»

ተነሣ። ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ ከዚያ አፉን በሰፊው ከፍቶ አለቀሰ። ሾፌሩ ዞሮ ገላመጠኝ፣ ልጄ ልጇን አቅፋ ፊቷን አዞረችብኝ። ናቲም እኔን በእግሩ እየገፋ ይጮኻል። አባበልኩት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት፤ አልሰማኝም። ቤት እስክንደርስ ድረስ ሳያቋርጥ አለቀሰ፤ እኔም እስክንደርስ ድረስ እየሰማሁት ደስ ብሎኝ ሄድኩ።